መሬቱም ይዋጋል፦ አሰሳና ውጊያ በክፍት ዓለም ጌሞች፣ ከስሜን ደጋ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

በየሰፈሩ ወዳሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ጎራ ብሎ ላየ ሰው አብዛኛው ወጣት ኳስ ሲጫወት ነው የሚያገኘው። የኳስ ጌም በደቂቃዎች ስለሚያልቅ ለቤቱ ባለቤትም ለከፋዩም ይመቻል። በግል ላፕቶፕ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ጌም አለ፤ አንዴ ከተጀመረ ሳምንታትና ወራት የሚወስድ፣ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን የሚያስነጋ። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ያለብሰዋል፣ ያስታጥቀዋል። ከዚያም ተራራ፣ ጫካ፣ ከተማና ዋሻ በሞላበት ሰፊ የተረት ዓለም ውስጥ ይለቀዋል። እነ ስካይሪም፣ ዘ ዊቸር 3 እና ኤልደን ሪንግ የዚህ ዘር ናቸው።

ስለነዚህ ጌሞች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውጊያው ነው፤ ሰይፉ፣ ዘንዶው፣ አስማቱ። ይህ ጽሑፍ ግን አንድ ነገር ለማስረዳት ይሞክራል፦ በደንብ በተሠራ ክፍት ዓለም ጌም ውስጥ አሰሳና ውጊያ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን። መሬቱን ያወቀ ተጫዋች ውጊያውን ገና ሳይጀምር ግማሹን አሸንፏል። ላላወቀው ደግሞ የያዘው ሰይፍ ምንም ቢሳል አይደርስለትም። ይህን ለመረዳት ከጎንደር እስከ ራስ ዳሸን ካለው ደጋ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

«ክፍት ዓለም» ሲባል

በድሮው ዓይነት ጌም ተጫዋቹ ግራና ቀኙ በግድግዳ የታጠረ መተላለፊያ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነው። አንዱን ምዕራፍ ሲጨርስ ሌላው ይከፈትለታል፤ ወደ ጎን መውጣት የለም። በክፍት ዓለም ጌም ግን መንገዱን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ዋናው ታሪክ «ወደ ሰሜን ሂድ» ቢለው እሱ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሐይቅ ዳር ቢከርም የሚቆጣው የለም።

ይህ ነፃነት ታዲያ ችግርም ይዞ ይመጣል። ተጫዋቹ የት መሄድ እንዳለበት በምን ያውቃል? አቅሙ የማይፈቅደው ቦታ ቢደርስስ ምን ይሆናል? አንዱን ጌም ከሌላው የሚለየው ሠሪዎቹ ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ነው።

አሰሳ፦ በዓይን ቅርብ፣ በእግር ሩቅ

ለመጀመሪያው ጥያቄ አንደኛው መልስ ራሱ መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሠሪዎች በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ በተካሄደ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ስለ ሦስት ማዕዘን አስረድተው ነበር። ዓለማቸውን በትልልቅና በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሞሉት፤ በተራራ፣ በኮረብታና በቋጥኝ ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ተጫዋቹን «ልውጣው ወይስ ልዙረው?» ብሎ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ሁለተኛ፣ ከጀርባው ያለውን ይሸፍናል፤ ጫፉን ሲያልፍ ያልጠበቀው ነገር ብቅ ይልበታል።

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ስሜንን በእግሩ የሄደ ሰው ይህን ከጃፓኖቹ መስማት አያስፈልገውም። ከቧሂት ከፍታ ላይ ቆሞ ራስ ዳሸንን ሲያየው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ይመስለዋል። በመካከል ግን የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ አለ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ወንዙ መውረድ፣ ከዚያ መልሶ መውጣት ነው። መድረሻው ከመጀመሪያው ይታያል፤ ጥያቄው በየት በኩል፣ በምን ስንቅና በስንት ሰዓት የሚለው ነው። ጥሩ የጌም ካርታ የሚሠራውም እንዲህ ነው።

ብርዱም ሌላ ነገር ነው። በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ያለ ወፍራም ልብስ ደጋ የወጣ ገጸ ባሕርይ ቀስ በቀስ ጉዳት ይደርስበታል፤ ቃሪያ የገባበት ምግብ ከበላ ግን ለጊዜው ይሞቀዋል። (ቃሪያ እንደሚያሞቅ ለእኛ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም!) ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ገደሉ ያዳልጣል፤ የሚወጣው ሰው ጉልበቱ ካለቀ ይወድቃል። ስለዚህ ተጫዋቹ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ሰማዩን ያያል፣ ስንቁን ይቆጥራል። ከጠላት ጋር ገና ሳይገናኝ መሬቱ ገጥሞታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ሰው መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ሞሮዊንድ» ውስጥ መድረሻህን የሚያሳይ ቀስት የለም። ሰዎች በቃል ይነግሩሃል፤ ድልድዩን ተሻገር፣ መንገዱ ሲከፈል በግራ ያዝ ዓይነት። የተባልከው በማስታወሻ ይጻፍልሃል፤ የቀረው ያንተ ዓይን ነው። ስሜን ውስጥ እረኛ ጠይቆ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። «ያችን ጽድ አልፈህ፣ ወንዙን ስትሻገር፣ እዚህችው ናት» ይባልና «እዚህችው» የግማሽ ቀን መንገድ ሆና ትገኛለች። ቢሆንም ጽዷም ወንዙም አይረሱም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ተከታዩ «ኦብሊቪዮን» አቅጣጫ የሚጠቁም ምልክት ኮምፓሱ ላይ አደረገ። ነገሩ ቀለለ፤ ነገር ግን ብዙ ተጫዋች ዓለሙን ትቶ ምልክቱን ማየት ጀመረ። በኋላ የመጡት ሠሪዎች ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክረዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ጎስት ኦፍ ሱሺማ» አቅጣጫን የሚጠቁመው በነፋስ ነው፤ ሣሩ ወደሚያዘነብልበት ትሄዳለህ። ዓይን ከመሬቱ ላይ አይነሳም።

ውጊያ፦ መምታት ብቻ አይደለም

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አቅምህ የማይፈቅደው ቦታ ብትደርስስ?

በኤልደን ሪንግ (እ.ኤ.አ. 2022) ማንኛውም ምት፣ ማንኛውም ምከታና ማንኛውም መንከባለል ጉልበት ይበላል። ከባድ መሣሪያ አንዴ ከተሰነዘረ ደግሞ መሐል ላይ አይመለስም። ስለዚህ ችሎታው ብዙ መምታት ላይ ሳይሆን መቼ እንደሚመታና መቼ እንደሚቆም ማወቁ ላይ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጠባይ አለው። በእኛም አገር ሾተል የተቆለመመው እንዲያው ለውበት አይደለም፤ ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ዞሮ ለመድረስ ነው። ሾተል የያዘና ጦር የያዘ ሰው በአንድ ዓይነት አቋቋም አይዋጉም።

ኦብሊቪዮን ለጥያቄው የሰጠው መልስ ጠላት ከተጫዋቹ ጋር አብሮ እንዲያድግ ማድረግ ነው። አንተ ስትጠነክር እነሱም ይጠነክራሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን ተራ የመንገድ ሽፍታ ሳይቀር ውድ ጥሩር ለብሶ መጠበቁ ነው። ተጫዋቹ «ታዲያ ምን አደግሁ?» ይላል። ኤልደን ሪንግ ደግሞ ገና መነሻው አካባቢ በፈረስ የተቀመጠ ወርቃማ ጥሩር ያጠለቀ ተዋጊ ያቆማል። አዲስ ተጫዋች ከገጠመው ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ነገር ግን መሬቱ ክፍት ነው፤ ዞሮ ማለፍ፣ ሌላ ቦታ መጠንከር፣ ከዚያ መመለስ ይቻላል። መሸሽም ዕውቀት ነው።

የታሪክ ምሳሌ፦ ካሣ ኃይሉ

ይህ በጌም ብቻ የሚሠራ ሕግ እንዳይመስለን ከአካባቢያችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እንይ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ በቋራ ቆላ ሸፍተው ነው ስማቸው የተነሳው። መሬቱን ያውቁታል፤ ሲፈልጉ ይመታሉ፣ ሲፈልጉ ይሰወራሉ። በ1840 ዓ.ም. ግን ወደ ሱዳን ጠረፍ ወጥተው ደባርቂ ላይ (ደባርቅ አላልኩም!) ምሽግ ይዞ መድፍ የጠመደውን የግብፅ ጦር ገጠሙ። ጀግንነት አላነሳቸውም፤ ሆኖም ተሸነፉ። መሬቱ የእሳቸው አልነበረም፣ መሣሪያውም አልተመጣጠነም።

ከዚያ በኋላ ለወታደር ሥልጠናና ለመድፍ የሰጡት ትኩረት ከዚህ ሽንፈት ጋር ይያያዛል። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን አሸነፉ። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ ስሜን ገብተው ደራስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት ደራስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነገሡ።

ልብ በሉ፤ ስሜን የውቤ አገር ነበር፣ ጠመንጃም ነበራቸው። ስለዚህ «አገሩ የእኔ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። መሬቱ የሚያግዘው ለተወለደበት ሁሉ ሳይሆን ለተጠቀመበት ነው። በጌምም ቢሆን ገደል ላይ የቆመ ሁሉ አያሸንፍም።

የእኛ ደጋ በጌም ውስጥ

የጎንደር ግንብ ጌም ውስጥ ገብቷል ቢባል የሚገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ልዩ ተዋጊያቸው ባለ ሾተል ነው፣ የሚገነቡት ድንቅ ሕንፃም የፋሲል ግንብ ነው። ያስደስታል። ነገር ግን ግንቡን በረሃ ላይም ባሕር ዳርቻም መትከል ይቻላል። ግንቡ ገብቷል፣ መሬቱ ቀርቷል። የጌሙ ዓይነት ስትራቴጂ ስለሆነ በዚህ አይወቀስም፤ መሬቱን ማስገባት የክፍት ዓለም ጌም ሥራ ነው።

ቢሠራስ ምን ይመስል ነበር? አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። በአውሮፓውያን ጌም ተጫዋቹ ወደ ጨለማ እስር ቤት ይወርዳል፤ ጭራቁም ሀብቱም ከምድር በታች ነው። የጎንደር ነገሥታት ግን የንጉሣውያን ቤተሰብ ወንዶችን ያስሩ የነበረው ወህኒ አምባ ላይ ነው። «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። የእኛ እስር ቤት ወደ ላይ የሚወጣ፣ ዙሪያው ገደል፣ ጣሪያው ሰማይ ነው። እስረኛውም ጭራቅ ሳይሆን ነገ ሊነግሥ የሚችል ልዑል ነው! ይህ አንድ ነገር ብቻ የአሰሳውንም የውጊያውንም ሕግ ይለውጠዋል። ችቦ ይዞ ዋሻ መፈተሽ ቀርቶ ጠባቂ ሳያይ ገደል መውጣት ይሆናል፤ ጥያቄውም «ማንን ልግደል?» ከሚለው «ማንን ላውርድ?» ወደሚለው ይዞራል።

የፋሲል ግቢም እንዲሁ ነው። 900 ሜትር ያህል በሆነው አጥር ውስጥ ተከታታይ ነገሥታት ያሠሯቸው ሕንፃዎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ከዘመን ወደ ዘመን መሄድ ነው። በጥንታዊ ግብፅ ላይ የተሠራው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» እ.ኤ.አ. በ2018 ውጊያ የሌለበት፣ ለትምህርት የሚሆን የጉብኝት ክፍል ተጨምሮለታል። ለጎንደርም ይህ ይቻላል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ አዳነው የሚለው ትውፊትስ? የተረት ዓለም ለመሥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በጌም የሞተ ገጸ ባሕርይ ጌሙ ከተቀመጠበት ቦታ ይነሳል። በዚህ አካባቢ ግን በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ክልሉን ባዳረሰው ግጭት ሰው ወገኑን ቀብሯል። ለእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ግድያን እንደ ቀልድ የሚያሳይ ጌም ማቅረብ ነውር ነው። እዚህ ላይም ባህላችን መልስ አለው። በገጠሩ የሰው ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ነገሩ በዚያ አያልቅም፤ የሟች ወገን ደም ይፈልጋል፣ ሽማግሌ ገብቶ ደም እስኪያደርቅ ድረስ ገበያና መንገድ ለገዳይ ቤተሰብ ዝግ ነው። ይህ ሕግ ጌም ውስጥ ቢገባ አንድ የችኮላ ምት የካርታውን ግማሽ ይዘጋል። ለመክፈት ሰይፍ አይረዳም፤ ሽማግሌ ፍለጋ አገር ላገር መዞር ነው። አሰሳው የውጊያውን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

መደምደሚያ

«ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ፖላንዶች ዘ ዊቸርን የሠሩት ከራሳቸው ደራሲ መጻሕፍት ተነስተው ነው። ካሜሩን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለ የአፍሪካ ተረት መልክ ያለው ጌም ተሠርቷል። አዲስ አበባም ውስጥ «ኩኩሉ» የተሰኘው የዶሮ ሩጫ ጌም ለሞባይል ቀርቧል። መሥሪያ ሶፍትዌሩም እንደ ጎዶት ያለው በነፃ ይገኛል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን ደብተር ነው። የየአምባው ስም ከምን መጣ? በየት በኩል ይወጣል? ክረምት ላይ የትኛው ወንዝ አያሻግርም? ሽፍታ የት ይደበቅ ነበር? ይህን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የትኛውም ኮምፒውተር አይመልሰውም። በዕረፍት ጊዜ ወደየወረዳችን ስንሄድ እየጠየቅን ብንጽፈው፣ ጌሙ ዛሬ ባይሠራ እንኳ ካርታው ተጀመረ ማለት ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና።