ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ጥቃቅን ቃላት

የእንግሊዝን ቋንቋ የሚማር ሰው ታላላቆቹን ቃላት ለማጥናት ብዙ ይደክማል። የመንግሥትን፣ የፍርድን፣ የንግድንና የሕክምናን ቃል መዝገብ እየገለጠ ይፈልጋል፤ ባገኘውም ጊዜ ደስ ይለዋል። ሁለት ፊደል ብቻ ያሏቸውን፣ ማለት «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ»፣ «ቱ» የሚባሉትን ግን በመጀመሪያው ወር ተምሬአቸዋለሁ ብሎ ይተዋቸዋል። ሆኖም ብዙ ዓመት የተማረ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ ባዕድ እንደ ጻፈው የሚያስታውቁበት እነዚሁ ጥቃቅኖቹ ናቸው። አንዳንድ ጊዜም ከማሳፈር አልፈው ገንዘብ ያስከፍላሉ።

በአገራችን ከጠላት ወረራ በፊት በትምህርት ቤትና በውጭ ጉዳይ ሥራ ይበልጥ የታወቀው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ያዘ። ዛሬም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚቀበሉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአስተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ማታ ደብተራቸውን ይዘው የሚቀርቡት አባትና እናትም ጉዳይ ሆኗል።

የግእዝ መምህራን እንዲህ ያሉትን ቃላት «አገባብ» ይሏቸዋል፤ የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊዎችም «መስተዋድድ» ብለዋቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ኀይላቸውን ይስተዋል ተብሎ አይጠረጠርም። ዳኛው «ፈረደለት» የተባለ እንደሆነ ሰውየው ርስቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ «ፈረደበት» የተባለ እንደሆነ ግን ርስቱን ለባላጋራው ለቆ ይወጣል። ግሱ አንድ ነው፤ ሰውን ያከበረችውና ያዋረደችው አንዲት ፊደል ናት። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ለፊተኛው «ፎር»፣ ለኋለኛው «አጌንስት» ይላል። ልጅ ለእኅቱ ኳስ ሲወረውርላት «ቱ»፣ ድንጋይ ሲወረውርባት «አት» ነው፤ እንግዲህ ኳሱን «አት» ብሎ የጻፈ ልጅ እኅቱን ሊመታት እንዳሰበ አድርጎ መሰከረ ማለት ነው።

ታዲያ በአማርኛ ይህን ያህል የምናውቅ ስንሆን በእንግሊዝኛ የምንስተው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ እንግሊዝኛውን አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አማርኛችንን ቃል በቃል እየተረጐምን መናገራችን ነው። የአማርኛ «በ» የማትገባበት ሥራ የለም። በቤት ተቀመጠ፣ በሰኞ ቀን መጣ፣ በ2 ሰዓት ተነሣ፣ በባቡር ሄደ፣ በቢላዋ ቈረጠ እንላለን፤ አምስቱንም ጊዜ «በ» አልተለወጠችም። እንግሊዝኛ ግን ለአምስቱ አምስት ልዩ ልዩ ቃል አለው። ለቤቱ «ኢን»፣ ለሰኞ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት»፣ ለባቡሩ «ባይ»፣ ለቢላዋው «ዊዝ» ይላል። ዳቦው ተቈረጠ ብለን ቢላዋውን በ«ባይ» ብናስከትል፣ «ባይ» አድራጊውን የምታመለክት ናትና ቢላዋው ራሱ ተነሥቶ የቈረጠ ይመስላል። መንገደኛም እንዲሁ ነው። በእግር የሚሄደው «ኦን ፉት»፣ በፈረስ የሚሄደው «ኦን ሆርስባክ»፣ በመኪና የሚሄደው «ባይ ካር» ይባላል፤ ነገር ግን በአባቴ መኪና ሄድሁ ለማለት ሲፈለግ «ባይ» ትወጣና «ኢን» ትገባለች።

በጊዜ ረገድ ያለው ሥርዓት ይቀላል። ከሰፊው ወደ ጠባቡ መውረድ ነው፤ ለዓመትና ለወር «ኢን»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለሰዓት «አት» ይሆናል። ጧት በ«ኢን» ሲሆን ሌሊት ግን በ«አት» ነው፤ ለምን ተብሎ ቢጠየቅ እንግሊዞቹም ልማድ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም። የልደት በዓል ሰሞን «አት»፣ የልደት ዕለት ራስዋ «ኦን» ናት። በዚህ ሁሉ መካከል እኛ 2 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 8 ሰዓት እንደሚሉት መዘንጋት የለበትም፤ አገባቡን አሳምሮ ሰዓቱን የሳተ ሰው ከቀጠሮው አይደርስምና።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባን «እስከ» የምትባለው ቃላችን ናት። «ገንዘቡን እስከ ዓርብ ክፈል» ስንል ከዓርብ ሳታሳልፍ አንድ ጊዜ ክፈል ማለታችን ነው። «እስከ ዓርብ እዚህ ቆይ» ስንል ግን ዓርብ እስኪደርስ ሳታቋርጥ ቆይ ማለታችን ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ግን ለፊተኛው «ባይ»፣ ለኋለኛው «አንቲል» ይላል። ሰነዱን «አንቲል ፍራይዴይ» ላክልኝ ብሎ የጻፈ ጸሐፊ አንድ ጊዜ ሳይሆን እስከ ዓርብ ድረስ ሲልክ ሰንብት ያለ ያህል ነው። ይህ ነገር በጓዳችንም አለ። ከውጭ አገር በመጣ ምግብ ላይ «ዩዝ ባይ» ተብሎ ቀን የታተመ እንደሆነ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምግቡ ምንም ደኅና ቢመስል መብላት አይገባም። «ቤስት ቢፎር» የሚል ከሆነ ግን የሚናገረው ስለ ጣዕሙና ስለ መልካምነቱ ነው፤ ቀኑ ቢያልፍም በደንብ ተጠብቆ የቆየ እንደሆነ ወዲያው መርዝ ሆነ ማለት አይደለም። ቀኑም በቍጥር ብቻ የተጻፈ ሲሆን እንግሊዞች ቀኑን ከወሩ፣ አሜሪካውያን ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድሙ እመቤቶች ልብ ቢሉት መልካም ነው።

የውል ጸሐፊዎችን ደግሞ «በ30 ቀን» የምትለው አነጋገር ታስታቸዋለች። «ኢን» 30 ቀን ቢባል ብዙ ጊዜ 30ው ቀን ሲፈጸም ማለት ይሆናል፤ «ዊዚን» 30 ቀን ቢባል ግን 30ው ቀን ሳያልፍ በማናቸውም ዕለት ማለት ነው። ገንዘብ ተቀባዩና ገንዘብ ከፋዩ በዚህች ልዩነት ወር ሙሉ ሊካሰሱ ይችላሉ። አገሮችም በጥቃቅን ቃል ተከራክረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ባሳለፈው 242ኛው ውሳኔ የእስራኤል ጦር በጦርነቱ ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ሲል፣ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግዛቶች ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» የምትባለው ቃል አልገባችም። በፈረንሳይኛው ግን ግዛቶቹ ተብሎ ሊነበብ በሚችል አኳኋን ተጽፏል። ከሁሉም ግዛት ነው ወይስ ከአንዳንዱ የሚለው ክርክር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልተቋረጠም።

ወደ ቤታችን እንመለስና፤ የአማርኛ ግስ ተሳቢውን በጀርባው ላይ አዝሎ ይሄዳል። ጠብቀኝ፣ አዳምጠኝ፣ ተመልከተኝ እንላለን፤ ከዚህም የተነሣ ተማሪው በእንግሊዝኛ አገባቡን ይጥለዋል። እንግሊዝኛ ግን መጠበቅን ከ«ፎር»፣ ማዳመጥን ከ«ቱ»፣ መመልከትን ከ«አት» ጋራ ካላጋባ አይናገርም። ደግሞ በተቃራኒው እኛ «ስለ ነገሩ ተወያየን»፣ «ወደ ቤት ገባ» ስለምንል፣ ተማሪው «ዲስከስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «አባውት»ን፣ «ኤንተር» ከሚለው ቀጥሎ «ቱ»ን ይጨምራል፤ ሁለቱም ያለ ረዳት ይቆማሉ። ከእገሊት ጋራ ተጋባ የምንለውን እነርሱ «ማሪድ ቱ» ይላሉ። «ማሪድ ዊዝ» ተብሎ ሁለት ልጆች ቢከተሉት ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው ማለት ነው፤ የሚስቱን ስም በዚያ ስፍራ ያስገባ ሰው ግን ሰሚውን ፈገግ ያሰኛል። ስለዚህ ልጆች ግሱን ለብቻው፣ አገባቡን ለብቻው ማጥናታቸው ጥቅሙ ጥቂት ነው። ግሱ ከአገባቡ ጋራ እንደ አንድ ቃል በአንድ መስመር ተጽፎ ቢጠና ይሻላል።

የዚህ ሁሉ መብዛት ምክንያት አለው። የጥንቱ እንግሊዝኛ፣ ግእዝ «ቤት» የነበረውን ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» እንደሚለው፣ የስምን መድረሻ እየለወጠ ይናገር ነበር። በዘመን ብዛት ያ መድረሻ ተበላሽቶ ሲቀር ሥራውን አብዛኛውን ጥቃቅኖቹ ቃላት ተሸከሙት። ድራይደን የተባለው ባለ ቅኔ በ1672 ዓ.ም. ከእርሱ በፊት የነበረውን ቤን ጆንሰንን ዓረፍተ ነገሩን በአገባብ ይጨርሳል ብሎ ነቅፎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተማሪዎች ይህን እንደ ሕግ ያዙት። ፋውለር ግን በ1926 ዓ.ም. ባሳተመው የአነጋገር መዝገብ ከንቱ እምነት ነው ብሎ አልተቀበለውም። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኛም ከፋውለር ጋራ ነን፤ ልጅን በዚህ ምክንያት መቈጣት አያስፈልግም።

ስለሚቀያየሩ ቃላት ጥቂት እንጨምር። «ሉስ» የላላ ማለት ነው፤ «ሉዝ» መጥፋትና መሸነፍ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአንዲት «ኦ» ብቻ ስለሚለያዩ እንግሊዞች ራሳቸው ይሳሳቱባቸዋል፤ በእኛ ፊደል ግን «ስ» እና «ዝ» ለይተው ያሳዩናል። «አድቫይስ» ምክር ሲሆን «አድቫይዝ» መከረ ነው፤ ይህንንም ያው ፊደላችን ይለይልናል። «ቢሳይድ» አጠገብ፣ «ቢሳይድስ» ደግሞ ከዚያ ሌላ ማለት ነው። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ» የምንለውን ተማሪው በ«ሲንስ» ይጽፈዋል፤ «ሲንስ» ግን የተጀመረበትን ዓመት እንጂ የዓመቱን ልክ አትወድም፤ ለልኩ «ፎር» አለችለት። «ከወንድሙ ይረዝማል» የሚለውንም በ«ፍሮም» የጻፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ቃሉ «ዛን» ነው።

መዋስና ማዋስን አማርኛ ለይቶ ስለሚናገር «ቦሮው» እና «ሌንድ» ሊያስቸግሩን አይገባም ነበር። የሚያስቸግሩን አማርኛ አንድ ያደረጋቸው ናቸው። አስታወሰ ስንል ራሱ ማስታወሱም፣ ሌላውን ማስታወሱም ነው፤ እነርሱ ለፊተኛው «ሪሜምበር»፣ ለኋለኛው «ሪማይንድ» ይላሉ። አሸነፈ ስንልም ጨዋታውን እንደሆነ «ዊን»፣ ባላጋራውን እንደሆነ «ቢት» ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የአካላችን ስም ነው። እግር ስንል ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ነው፤ እነርሱ ከቍርጭምጭሚት በላይ ያለውን «ሌግ»፣ በታች ያለውን «ፉት» ብለው ከፍለውታል። እጅንም እንዲሁ «አርም» እና «ሃንድ» ብለው ለሁለት ቈርጠውታል። ጣት የእጅ ሲሆን «ፊንገር»፣ የእግር ሲሆን «ቶ» ነው። አማርኛ የማያውቅ ሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛ የትኛው እንደሆነ የተጠራጠረ እንደሆነ፣ ቃሉን ትቶ በሚያመው ስፍራ ላይ እጁን ያኑር።