ዱላው ወደ ግራ፣ ክንፉስ ወዴት?
በግል ስለሚሠራ ቀላል አውሮፕላን መሪ ክንፎች አገጣጠምና ጥገና

ልደታ አካባቢ ያደግን ልጆች «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለውን ስም የምናውቀው ከታክሲ ረዳት አፍ ነው እንጂ አውሮፕላን ሲያርፍ አይተን አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ በሲ-47 አውሮፕላን ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር።

አውሮፕላን መሥራትም ቢሆን ላገራችን አዲስ አይደለም። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ የተሠራችው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በርራ ነበር። ጣሊያን ወስዷት ከቆየች በኋላም በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን ከኢንተርኔት ቪዲዮ እየተማረ በራሱ ሠርቶ ለማብረር ሞክሯል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ይሁን እንጂ ሞተር አየር ላይ ቢጠፋ አውሮፕላኑ እየተንሳፈፈ መውረድ ይችላል፤ መሪው ከተበላሸ ግን ማውረጃ የለም።

ሀ. መሪ ክንፎቹ
ሦስት ናቸው። በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ኤይለሮኖች አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላሉ። በጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ረደር ደግሞ አፍንጫውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራል። በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ከዱላውና ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኛቸው የብረት ካቮ ነው።

ለ. ካቮውን መወጠር
በመጀመሪያ ዱላውና ፔዳሉ መሐል ላይ ይታሰራሉ፣ መሪ ክንፎቹም ቀጥ ተደርገው ይያዛሉ። ከዚያ ካቮው በተርንበክል ከሁለቱም ወገን እኩል ይወጠራል። ውጥረቱ በእጅ ግምት ሳይሆን በቴንሲዮሜትር ይለካል፤ የዕለቱ ሙቀትም ይታያል። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ በአሉሚኒየም አካል ውስጥ ያለ ካቮ በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ላልቶ ቀትር ላይ ይጠብቃል። ከተርንበክሉ ውጭ የሚታየው ጥርስ ከሦስት መብለጥ የለበትም፤ መጨረሻ ላይም እንዳይፈታ በሽቦ ይታሰራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ መሪ ክንፍ ስንት ዲግሪ እንደሚንቀሳቀስ ተለክቶ ከንድፉ ጋር ይመሳከራል።

ለጥገና ጊዜ ካቮውን በጨርቅ ይዞ መጥረግ ነው፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በተለይ በፑሌጃ ላይ የሚያልፈውን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። «ከሶማሌ ተራ የሞተር ሳይክል ካቮ ገዝቼ ልተካው» ማለት ግን አይሠራም፤ ጥንካሬው አይታወቅማ!

ሐ. ሚዛን
ላስቲክ በነፋስ ሲርገበገብ አይታችኋል? መሪ ክንፍም ከማጠፊያው በስተኋላ ከከበደ ወይም ማጠፊያው ከላላ፣ ፍጥነት ሲጨምር እንዲሁ ይርገበገብና በሰከንዶች ውስጥ ተገንጥሎ ሊሄድ ይችላል። ፍላተር የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ ከማጠፊያው በስተፊት የእርሳስ ክብደት ይደረጋል። አንድ ዙር ቀለም መቀባት እንኳ ሚዛኑን ስለሚቀይር ከቀለም በኋላ እንደገና መመዘን ግድ ነው።

መ. የአቅጣጫ ፍተሻ
ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ካቮ ተወጥሮ፣ ዳዶው ሁሉ ጠብቆ፣ ሁሉም ያለምንም መያዝ እየተንቀሳቀሰ በተቃራኒው ሊገጠም ይችላል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የኤር አስታና ኤምብራየር 190 አውሮፕላን ፖርቱጋል ውስጥ ከከባድ ጥገና ወጥቶ ሲነሳ የኤይለሮን ካቮዎቹ ተገላብጠው ተገጥመው ነበር። ባለሙያዎቹም አብራሪዎቹም ሳይነሳ አላስተዋሉትም። በውስጡ የነበሩት ስድስቱም ሰዎች በሕይወት የወረዱት ከብዙ ትግል በኋላ ነው። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ይህ ከሆነ፣ ጓሮው ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አስቡት።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። አውራ ጣትን ወደ ላይ አቁሞ ዱላውን መያዝና ወደ ግራ መግፋት፤ ጣቱ ያጋደለበት የግራው ኤይለሮን ወደ ላይ መነሳት አለበት። ዱላው ወደ ራስ ሲሳብ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ፣ የቀኝ ፔዳል ሲረገጥ ረደሩ ወደ ቀኝ። «ተንቀሳቅሷል» ማለት አይበቃም፤ «ወዴት ተንቀሳቀሰ?» ነው ጥያቄው።

በአጠቃላይ፣ ሥራውን የሠራው ሰው ብቻውን መፈተሽ የለበትም። የገዛ እጃችንን ሥራ ስናይ የምናየው የሠራነውን ሳይሆን ልንሠራ ያሰብነውን ነው። እጁን ያላስገባ ሌላ ሰው ጠርቶ ማሳየት ንቀት አይደለም፤ አብራሪውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው ይኸው ነው።