ከፊደሉ በላይ የሚጻፍ፦ የትንባሆ ጢስና ኢፒጄኖማችን

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቦሩ ሜዳ በታሪክ የምትታወሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በመሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት ትንባሆን አጥብቀው መከልከላቸውና የአጫሽን ከንፈር፣ የሱረት ሳቢን አፍንጫ የሚያስቆርጥ ቅጣት መደንገጋቸው በታሪክ ጸሐፊዎች ይወሳል። ቅጣቱ ከገላ ላይ የማይጠፋ ምልክት ለመተው የታሰበ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ጢሱ ራሱ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ፣ በአጫሹ ህዋሳት ውስጥ የሚተወውን ምልክት ነው።

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው በዘረመል ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ የሚጀምረው ከእሳት ነው ብለን እንመልሳለን። የሲጋራ ጫፍ በሚሳብበት ጊዜ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሲባል ግን ሙቀቱም ኦክስጅኑም ይቀንሳል፤ ቅጠሉም ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀራል። በዚህ ጊዜ የካርቦን አቶሞች እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማእዘን ቀለበት እየተያያዙ ቤንዞፓይሪንን የመሳሰሉ ውህዶች ይፈጥራሉ። በትንባሆ ጢስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች የተለዩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። አብዛኞቹ የጢሱ ቅንጣቶች ከአንድ ማይክሮ ሜትር ያነሱ በመሆናቸው አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዷቸው እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃሉ፤ ከዚያም ወደ ደም።

አሁን ወደ ህዋስ አስኳል እንግባ። በአንድ አስኳል ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። የዓይን ህዋስና የጉበት ህዋስ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት፣ የትኛው ክፍል እንደሚነበብና የትኛው እንደሚታለፍ የሚወስን ሌላ ሥርዓት ስላለ ነው። ድጓ የተመለከተ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ዋናው ቃል በመስመሩ ላይ ተጽፎ ከበላዩ በደቃቅ ጽሕፈት የዜማ ምልክት ይሰፍራል፤ ምልክቱም ቃሉን ሳይነካ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ይነግራል። ቁርዓን የቀራ ሰውም ከፊደላቱ በላይና በታች የሚሰፍሩትን ሐረካት ያውቃል። «ኤፒ» የግሪክ ቃል ሲሆን «በላይ» ማለት ነው። ኢፒጄኖም ስንል እንግዲህ ከዘረመሉ ጽሑፍ በላይ የሰፈሩትን ምልክቶች ሁሉ ማለታችን ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች ይበልጥ የተጠናው ሜቲል ነው፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ። ሳይቶሲን በተባለው የዲ ኤን ኤ ፊደል ላይ፣ በተለይም ከጎኑ ጉዋኒን ሲከተል፣ ይለጠፋል። በሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ 28 ሚሊዮን ያህል ይገኛል። በዘረመል መነሻ አካባቢ ሜቲል ሲበዛ ዘረመሉ በአብዛኛው ዝም ይላል፤ ሜቲሉ ሲነሣ ሊነበብ ይችላል።

ጢሱ ይህን ሥርዓት እንዴት እንደሚነካ ለማየት አንድ ዘረመል ይበቃናል። ባለ ቀለበቶቹ ውህዶች ወደ ህዋስ ሲገቡ ኤ ኤች አር የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ይይዛቸዋል። ፕሮቲኑም ወደ አስኳል ገብቶ ውህዶቹን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች እንዲመረቱ ያደርጋል። ሥራው ከልክ እንዳያልፍ ደግሞ ኤ ኤች አር አር የሚባል ልጓም አለው። ጢስ በየቀኑ ሲገባ ልጓሙም በየቀኑ ይፈለጋል፤ በልጓሙ ዘረመል ላይ የነበረው ሜቲልም እየረገፈ ይሄዳል። አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ደም ውስጥ፣ በዚህ ዘረመል ላይ ያለች አንዲት የታወቀች ነጥብ ከ80 በመቶ በሚበልጡት የዲ ኤን ኤ ቅጂዎች ሜቲል ይዛ ትገኛለች። ለረጅም ዘመን አብዝተው ባጨሱ ሰዎች ግን መጠኑ ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። አንድ ሰው «አላጨስም» ቢል እንኳ የደሙ ጠብታ ሌላ ሊናገር ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ አንድ ሰፊ ጥናት ከ16 የጥናት ቡድኖች የተሰበሰበውን የ15,907 ሰዎች ደም መርምሮ፣ በአጫሾችና አጭሰው በማያውቁ ሰዎች መካከል ከ18,000 በሚበልጡ ነጥቦች ላይ ልዩነት አግኝቷል። ነጥቦቹ ከ7,000 በላይ ዘረመሎችን ይመለከታሉ፤ ይህም ከሰው ዘረመሎች ሲሶ ያህሉ ነው። ማጨስ ባቆሙት ዘንድ አብዛኞቹ ነጥቦች በ5 ዓመት ውስጥ አጭሶ ወደማያውቅ ሰው ደረጃ ተመልሰዋል። ጥቂቶቹ ግን ከ30 ዓመት በኋላም አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ እንፈልጋለን። ሜቲል የሚለጠፍና የሚነሣ ምልክት ነው፤ ጢስ ግን ፊደሉንም ያበላሻል። ቤንዞፓይሪን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ጉዋኒን ላይ ይጣበቅና ዲ ኤን ኤው ሲገለበጥ አንዱ ፊደል በሌላ እንዲተካ ያደርጋል። በዚያው በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በእያንዳንዱ የሳንባ ህዋስ 150 ያህል እንዲህ ያለ ስሕተት እንደሚጨምር አስልቷል። ለፈተና ሲያጠና ጫት ቅሞ ሲጋራ የሚያስከትል ተማሪ «ስመረቅ አቆማለሁ» ሲል አዘውትረን እንሰማለን። ምልክቶቹ በአብዛኛው ይታረሙለት ይሆናል፤ የፊደል ስሕተቱ ግን አብሮት ይመረቃል።

ይበልጥ የሚያሳስበው የጽንሱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኖርዌይ የ1,062 አራስ ሕፃናት የእትብት ደም ሲመረመር፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ባጨሱት ሕፃናት ላይ ያው የልጓሙ ዘረመል ሜቲሉ ቀንሶ ተገኝቷል። ገና አንድ ጊዜ እንኳ አየር ያልሳበ ልጅ የአጫሽ ምልክት ይዞ ይወለዳል! በእንግሊዝ ሕፃናትን እስከ 17 ዓመት የተከታተለ ጥናትም ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ እስከዚያ ዕድሜ እንደቆዩ አሳይቷል። ይህን ይዞ «የአያት ሲጋራ የልጅ ልጅን ኢፒጄኖም ይለውጣል» ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። ጽንስ በሚፈጠርበት ጊዜ አብዛኛው ሜቲል ተጠርጎ እንደገና ይጻፋል፤ በማኅፀን ሳለ ለጢስ የተጋለጠ ልጅም ምልክቱን ያገኘው ከዚያው ጢስ እንጂ በውርስ አይደለም።

በአገራችን ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት ተጠቃሚዎቹን 5 በመቶ ብሏቸዋል፤ ከሴቶች ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥንም ከልክሏል።

ይሁንና ኤ ኤች አር የተባለው ተቀባይ ባለ ቀለበቱ ውህድ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ቤንዞፓይሪን ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል በደንብ ሳይቃጠል በሚጤስበት ጎጆ ውስጥም ይገኛል፤ የኩታበርና የአካባቢው ደጋ ማእድ ቤቶች የሚያውቁት ጢስ ይኸው ነው። የሁለቱ ጢስ መጠንና ይዘት አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ኒኮቲን በምድጃ ጢስ ውስጥ የለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም የትንባሆ ጢስን ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው ምድብ፣ በቤት ውስጥ የሚነሣውን የማገዶ ጢስ ደግሞ ሳያመጣ እንደማይቀር በሚታመነው ምድብ አስቀምጧቸዋል። በሌላ በኩል ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው በሩን ከፍቶ ሊወጣ ይችላል። ሕፃን ልጅ በክብደቱ መጠን ሲሰላ ከአዋቂ ሰው የበለጠ አየር ይስባል፤ ስለዚህ እናት ከምጣዱ ፊት በምትቆይባቸው ሰዓታት በጀርባዋ ለታዘለው ልጅ በኪሎ የሚደርሰው ጢስ ለእርሷ ከሚደርሳት ይበልጣል።