«ጠየቀላቸው!» ከዚያስ?

ሐይቅ ከተማ የሄድኩት ለእስጢፋኖስ ገዳም ነበር። ተሳልሜ ስመለስ ሐይቁ ዳር ካለች ዓሣ ቤት ገባሁ። ጥብሱ እስኪደርስ ስጠብቅ፣ ከጎኔ አራት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። የቆየ ቪዲዮ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድ የአብን የፓርላማ አባል ከወለጋ ስለተፈናቀሉ ሰዎች ይጠይቃል። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ጠረጴዛውን መታ አደረገና «ጠየቀላቸው!» አለ።

«ምን ተመለሰለት ታዲያ?» አልኩት።

ልጆቹ ተያዩ። «እሱን እንኳን አላየነውም ጋሼ» አለኝ አንደኛው።

ልስቅባቸው አልቻልኩም። እኔም ያንኑ ቪዲዮ ያኔ አይቼው፣ ለጓደኞቼ ልኬው፣ መልሱን ሳልሰማ ነው ያለፍኩት። እናንተስ?

ጥፋቱ የኛ ብቻ አይደለም፤ የአሠራሩም ጭምር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲቀርቡ አባላቱ በየተራ ይጠይቃሉ፣ ጥያቄው ሁሉ ከተደረደረ በኋላ ነው መልሱ በአንድ ላይ የሚመጣው። መልሱ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ጥያቄው ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ መልሱም ተቆርጦ ሌላ ገጽ ላይ ይወጣል። ጥያቄውን የወደደ መልሱን አያይም፣ መልሱን የወደደም ጥያቄውን አይሰማም። ሁለቱን አስተያይቶ «ይሄ ለዚያ መልስ ነው ወይ?» የሚል ሰው ጥቂት ነው።

የተቃዋሚ የፓርላማ አባል ሥራ ግን ያለው እዚያው መሀል ላይ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫዎች ከ170 በላይ አግኝተው ነበር፤ ከቅንጅት ተመራጮች ገሚሱ አንገባም ቢሉም ማለት ነው። በ2002 ምርጫ ይሄ ሁሉ ወደ አንድ ወረደ። አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች አንዷን ለመድረክ ይዘው ገቡ። ከሳቸው ሌላ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የነበሩት በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። አምስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ! በ2007 ደግሞ እሷም አንድ ወንበር ጠፋች፤ 547ቱም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ።

አንድ ሰው ከ547 መሀል ምን ይሠራል? ሕግ ማስቀየር አይችልም። በጀት መጣል አይችልም። እጁን አውጥቶ ቢቃወም ውጤቱ ያው ነው። ግን ያ እጅ ሲወጣ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» መባሉ ይቀርና «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ይባላል። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገ አንድ ተማሪ የዚያን ዘመን ቃለ ጉባኤ ሲገልጥ ግን ነገሩ ያላማረው ሰው እንደነበረ ያነባል። የአቶ ግርማ መንገድ በኋላ ሌላ ሆነ፤ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ በኢዜማ አባልነታቸው የአዲስ አበባን ኢንቨስትመንት ኮሚሽን እንዲመሩ ተሾሙ። የምክር ቤቱ መዝገብ ግን አይቀየርም።

በሰኔ 2013 ምርጫ ብልጽግና 410 መቀመጫ ሲይዝ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 አገኙ፣ የግል ተወዳዳሪዎችም 4። አማራ ክልል ብቻ 138 የፓርላማ መቀመጫ እንዳለው አስታውሱና አምስቷን አስቧት። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የአብኑ ሊቀ መንበር ዶክተር በለጠ ሞላ በአዲሱ ካቢኔ ሚኒስትር መሆናቸው ነው። የፓርቲው መሪ ካቢኔ ውስጥ፣ የፓርቲው ተመራጮች ካቢኔውን የሚጠይቁበት ወንበር ላይ።

ከነዚያ ተመራጮች አንዱ አቶ ክርስቲያን ታደለ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሲጠይቁ በተቀረጹ ቪዲዮዎች ነው። ሌላው ሥራቸው ግን ሼር አይደረግም ነበር፦ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ኮሚቴው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ያገኘውን ጉድለት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ያስቀምጣል፤ ይህ ገንዘብ የት ገባ፣ ይህ ደረሰኝ የት አለ፣ ያለ ጨረታ ለምን ተገዛ ይላል። አሰልቺ ነው፤ ጭብጨባም የለው። ግን እዚያ የሚጠየቀው ያንተ የሞባይል ካርድ ቀረጥ ጭምር ነው።

የሚያስከፍለውንም አንርሳ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀ ሰሞን አቶ ክርስቲያን ታሰሩ፤ በኋላም በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። በጥር ወር 2016 ደግሞ ሌላው የአብን ተመራጭ ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ሁለት ነገር ይላል፦ የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ደግሞ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። የክሱን ነገር ፍርድ ቤት ይየው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን የዚያ ምርጫ ክልል ሕዝብ ጥያቄ በማን በኩል ይሄዳል?

ወደ ዓሣ ቤታችን እንመለስ። ባጃጅ ነጂው «እሺ፣ መጠየቁ ካልለወጠ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። እጄን ወደ ሰሜን ዘረጋሁ። በዚያው አስፋልት ትንሽ ሄድ ሲሉ አምባሰል ነው፣ ውጫሌ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው ቅጂ «ይችላል» የሚል ሐሳብ ሲይዝ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ያቺን ልዩነት አንብቦ «ይሄ ያልነው አይደለም» ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ በዓለም ፊት የሌላ አገር ጥገኛ ሆነን ልንቀር ነበር። ቃል በወረቀት ላይ ሲሰፍር ጊዜውን ይጠብቃል። ጥያቄም እንደዚያው።

ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ።

«የኛስ ተወካይ ማነው?»

አራቱም አያውቁም። እኔም የነሱን አላውቅ። ጭራሽ ምን ይጠየቅ በሚለው ተከራከሩ። አንዱ ሐይቁ ዓሣው ቀንሷል አለ። አንዱ በ2014 ጦርነት የተዘረፈው ሱቃቸው አለ። ባጃጅ ነጂው የደሴ ወልዲያ መንገድ አለ። ሦስቱም በአንድ በር አይገቡም፦ የሐይቁ ነገር በመጀመሪያ የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ዋናው መንገድ የፌዴራል ስለሆነ ፓርላማ ነው፤ የጦርነቱ ጉዳት ሁለቱንም ያንኳኳል። የወለጋው ጥያቄም ቢሆን «የነሱ» ብቻ አይደለም፤ ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ የተጠለሉት እዚሁ ደቡብ ወሎ ነበር። «ጠየቀላቸው» ያለው ልጅ ይሄን ስነግረው «ለኛም ነዋ» አለ።

ተወካያችሁ የገዢው ፓርቲም ይሁን የተቃዋሚ፣ አንቀጽ 54 የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው የሚለው። አመኔታ ሲያጣም ሕዝቡ ሊያነሳው እንደሚችል ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። የማታውቀውን ሰው ግን እንዴት ታነሳለህ? እንዴትስ ታመሰግናለህ?

ሂሳብ ከፍዬ ስነሳ ልጆቹ ስልኩን አልለቀቁም። የዚያን ቀኑን ስብሰባ ሙሉ ቪዲዮ አግኝተውታል። ሰዓታት ነው።

«ጋሼ፣ መልሱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» አለኝ ባጃጅ ነጂው።

«እሱን አግኝተህ ንገረኝ» ብዬ ቁጥሬን ሰጠሁት። ማታ ደሴ ስገባ መልእክቱ ደርሶኛል፦ «አገኘሁት። ግማሹን ነው የመለሱት።»