ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል፤ በሕንድ የዳኝነት ፈተና ጥያቄ አፈታት

በሕንድ አገር የበታች ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በየስቴቱ የሚሰጠውን የዳኝነት አገልግሎት ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናውን በአንዳንዱ ስቴት የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ በሌላው ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራሱ ያዘጋጀዋል። በመጀመሪያ መልሱ የሚመረጥ አጭር ጥያቄ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ የሚብራራ፣ በመጨረሻም የቃል ጥያቄ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመልካቾች አስቀድመው 3 ዓመት በጥብቅና መሥራት አለባቸው ሲል ወስኗል።

ተፈታኞች አብዛኛውን ጊዜ የአንቀጽ ቁጥር በቃል ያጠናሉ። ይህ ለመጀመሪያው ደረጃ ይጠቅማል፤ ለሁለተኛው ግን አይበቃም ባዮች ነን። በዚያ የሚፈለገው እንደ ዳኛ ጭብጥ ይዞ ወደ ፍርድ መድረስ ነውና። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው።

አንድ ሰው በ2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤቱን ለመሸጥ በጽሑፍ ተዋዋለ እንበል። ገዢው ከዋጋው የሚበዛውን ከፍሎ፣ ቁልፍ ተረክቦ፣ ከነቤተሰቡ ገባ። ውሉ ግን አልተመዘገበም። ሻጩ በዓመቱ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው በተመዘገበ ሰነድ ሸጠው። ይህ ሁለተኛ ገዢ «ቤቴን ይልቀቅልኝ» ብሎ ከሰሰ። ማን ይረታል?

ባለቤትነትን በተመለከተ የ1882 የንብረት ማስተላለፍ ሕግ አንቀጽ 54 ግልጽ ነው። ዋጋው 100 ሩፒና ከዚያ በላይ የሆነ ቤት የሚሸጠው በተመዘገበ ሰነድ ነው (100 ሩፒ በ1882 ስንት ይገዛ እንደነበር አንባቢ ያስብ!)። ለመሸጥ መዋዋል ብቻውን በንብረቱ ላይ መብት አይሰጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዢ ባለቤት አይደለም።

ብዙ ተፈታኞች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንቀጽ 53ሀ በጽሑፍ ውል መሠረት ንብረቱን ይዞ ግዴታውን የሚፈጽመውን ገዢ ሻጩ እንዳያስወጣው ይከላከልለታል። ይህ ጋሻ እንጂ ጦር አይደለም፤ የባለቤትነት መክሰሻ አይሆንም። የቆየ ማብራሪያ ብቻ ያነበበ ተማሪ «እንግዲያው የያዘው ይረታል» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። ነገር ግን ከመስከረም 2001 ጀምሮ በጸናው ማሻሻያ ውሉ ካልተመዘገበ ይህ ጋሻ አይገኝም። የእኛ ውል የ2015 ነው። የ1995 ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። በጥያቄው ውስጥ የተጻፈ ቀን ለጌጥ አይቀመጥም።

ታዲያ ያ ቤተሰብ ገንዘቡንም ቤቱንም ሊያጣ ነውን? እዚህ ላይ የ1908 የምዝገባ ሕግ አንቀጽ 49 ይረዳል፤ ያልተመዘገበው ወረቀት «ውሉ እንደ ቃሉ ይፈጸምልኝ» ለሚል ክስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ይህ ክስ በሁለተኛው ገዢ ላይም ይቀርባል፤ እርሱ የሚድነው ዋጋ ከፍሎ፣ በቅን ልቡና፣ የፊተኛውን ውል ሳያውቅ ገዝቶ እንደሆነ ብቻ ነው። ሰው የሚኖርበትን ቤት የገዛ ግን የነዋሪውን መብት እንዳወቀ ይቆጠራል፤ ይህን የሚለው የዚያው የ1882 ሕግ አንቀጽ 3 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዢ በአንቀጽ 53ሀ ተከላክሎ ባይረታም፣ የ3 ዓመቱ ይርጋ ሳያልፍ የራሱን ክስ ቢያቀርብ ተስፋ አለው። ለፈተናው ሙሉ የሚሆነው መልስ ሁለቱንም የያዘው ነው።

ነገሩ ለእኛም ተማሪዎች ሩቅ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ሲተላለፍ በመዝገብ መግባት አለበት ይላልና።

መለማመድ የሚወድ ይህንኑ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ እንደገና ይፍታው፤ ሁለተኛው ገዢ ሊያየው በመጣ ጊዜ ቤቱ ሰው የሌለበት፣ የተዘጋ ቢሆን ኖሮስ?