የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያሠሩ ሰዎች ቆሎን፣ ቡናንና መፋቂያን እንዴት ይያዟቸው?

በሲያትል እና በታኮማ መካከል የምትገኘው ሲታክ ስሟ የተገኘው ከሁለቱ ከተሞች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ በሚገኝባት በዚህች ከተማና በዙሪያዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ጥርሱን በሽቦ የሚያስተካክል ልጅ ያለበት ቤት ማግኘትም እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ወላጆች በልጅነታቸው የማያውቁት ሕክምና በመሆኑ ግን ጥያቄው ይበዛል፦ ቆሎ ይበላል? በመፋቂያ ይፋቃል? ለእረፍት አገር ቤት ሲኬድ ሽቦው ቢበጠስስ?

ሽቦው በጥርስ ላይ ቀላል ግን የማያቋርጥ ግፊት ያሳድራል። ግፊቱ ባረፈበት በኩል ያለው የመንጋጋ አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርስ በዚህ መንገድ በወር የሚጓዘው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ብራኬት በተነቀለ ቁጥር ያ ጥርስ ጉዞውን ያቆማል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር ለሚያስወጣ ሕክምና ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከገበታው ምን ይቀነስ?

ለብራኬት ቀንደኛው ጠላት ቆሎ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሸንኮራ አገዳና በረዶ መቆርጠምም ከዚያ አይሻሉም። ማስቲካና የሚጣበቅ ከረሜላ ደግሞ ሽቦውን ይስባሉ። የበቆሎ እሸት ተፈልፍሎ፣ ቁርጥ ሥጋም በቢላ ደቅቆ ቢበላ ችግር የለውም፤ አደጋው በፊት ጥርስ መጋጥና መጎተት ላይ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በአፕል ምርት ከአሜሪካ ቀዳሚ ናት፤ አፕሉ ግን ስስ ተደርጎ ተቆርጦ መቅረብ አለበት።

ሽቦው በታሠረባቸውና በጠበቀባቸው የመጀመሪያ ቀናት ጥርስ ያማል። ለስላሳ ፍትፍት፣ አጥሚትና አልጫ ሽሮ ያኔ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ በርበሬ ግን የቆሰለ ከንፈርን ያቃጥላል። አልጫውም የራሱ ጣጣ አለው፦ እርዱ ብራኬቱን የሚይዘውን ነጭ ላስቲክ በአንድ ምሳ ቢጫ ያደርገዋል። ላስቲኩ በቀጠሮ ጊዜ ስለሚቀየር ጉዳቱ ለዓይን ብቻ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም መምረጥም ይቻላል።

የማይለቀው ነጭ ምልክት

ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ግን ምግቡ ሳይሆን ከምግብ በኋላ የሚቀረው ነው። በብራኬቱ ዙሪያ የተጠራቀመ ቆሻሻ አሲድ እየፈጠረ የጥርሱን ሽፋን ማዕድን ያሳጣዋል። ሽቦው ሲወልቅ ጥርሱ ቀጥ ብሎ፣ ብራኬቱ የነበረበት ቦታ ዙሪያውን በነጭ ነጠብጣብ ተከቦ ይገኛል። ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ፣ ቢያንስ ግን ጠዋትና ማታ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ያስፈልጋል። ብሩሹን ከሽቦው በላይ ወደ ታች፣ ከሽቦው በታች ደግሞ ወደ ላይ አዘንብሎ መያዝ ይጠቅማል። ከሽቦው ሥር ለሚቀረው ለጥርስ መሃል የተሠራችው ቀጭን ብሩሽ ታገለግላለች። መፋቂያ ባዶ ጥርስን በደንብ ቢያጸዳም ጫፉ ከሽቦው ሥር አይገባም፤ ጭረቱም እዚያው ይሰነቀራል። በጾም ወቅት አፍ ስለሚደርቅ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ሳይቦርሹ መተኛት የበለጠ ይጎዳል።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ሰዎች አንድ ነገር ለሐኪማቸው ቢናገሩ መልካም ነው። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስን ያበልዛል፤ እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ ብራኬት በቀላሉ ላይጣበቅ ይችላል።

ፍንጭትም ሊነሳ ይገባዋል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ውበት የሆነው የፊት ጥርስ ክፍተት ለአሜሪካዊ ሐኪም የሚዘጋ ጉድለት መስሎ ሊታየው ይችላል። እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ሕክምናው ሲታቀድ መናገር አለበት።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

በሽቦ ፈንታ የሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ የሚጠቀሙ ሰዎች በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት እንዲያደርጉት ይታዘዛሉ። ትኩስ ቡና ፕላስቲኩን ሊያጣምመውና ሊያበልዘው ስለሚችል አውልቆ መጠጣት ግድ ነው። እስከ በረካ የሚዘልቅ ቡና ግን የቀኑን ትርፍ ሰዓት ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። የወለቀው ፕላስቲክ በመያዣው ይቀመጥ፤ በሶፍት የተጠቀለለ ከሶፍቱ ጋር ይጣላል።

ሽቦው ሲወጋና መንገድ ሲኖር

ጉንጭን ለሚወጋ ሽቦ ሐኪሙ የሚሰጠውን ሰም መለጠፍ፣ ለቁስል ደግሞ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጠሮ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚሆን፣ ረዥም የአገር ቤት ጉዞ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ አለበት። ሰም፣ ትርፍ ላስቲክና የሕክምናው ማስረጃ ቅጂ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የጥርስ ሳሙናው ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ከሆነ ግን በእጅ ሻንጣ ፍተሻውን አያልፍም።

በዋሽንግተን ግዛት አፕል ሄልዝ የተሰኘው የመንግሥት የጤና መድን ይህን ሕክምና የሚሸፍነው ዕድሜያቸው 20 እና ከዚያ በታች ለሆኑ፣ ችግራቸውም ለሕክምና አስገዳጅ መሆኑ ለተረጋገጠ ነው። ለመልክ ብቻ የሚደረግ ማስተካከያ አይካተትም። የመድኑ ተጠቃሚዎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ልጅን ለራሱ ሕክምና አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም።

ሽቦው ከወለቀ በኋላ ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይፈልጋል። ሪቴይነር የሚባለው መያዣ መጀመሪያ ሙሉ ቀን፣ ከዚያም ማታ ማታ ለዓመታት የሚደረገው ለዚህ ነው። የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ የፈላ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል።