አሮጌው ቁም ሳጥንና የልጅ ልጄ

ባለፈው ዓመት የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲላት ልጄ የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃኗን ይዛ ወደ እኔ ተመለሰች። ቤቴ ጉለሌ ውስጥ ያለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የድሮ ቤት ነው። ለእናትና ልጅ በለቀቅሁላቸው ክፍል ውስጥ፣ በ1974 ዓ.ም. ስንጋባ ባለቤቴ ከዋንዛ ያሠራው ትልቅ ቁም ሳጥን ቆሟል። ከላይ ሁለት በር፣ ከታች ሦስት መሳቢያ አለው።

ልጄ በገባች ሳምንት «እማዬ፣ ይኼን ነገር ከዚህ ብናወጣውስ?» አለችኝ። «አባትሽ ያሠራው ነው፤ የትም አይሄድም» ብዬ ዝም አሰኘኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ቢያልፈውም ካፖርቱና ጋቢው እዚያው ውስጥ ነበሩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ቡና እየቆላሁ ሳለ ከክፍሉ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ምጣዱን ትቼ ሮጥኩ። ሕፃኗ ከላይ የተሰቀለውን ቀይ ሹራቧን ፈልጋ፣ መሳቢያዎቹን ስባ እንደ ደረጃ እየረገጠች ወጥታለች። ቁም ሳጥኑ ወደ ፊት አዘንብሎ አናቱ የአልጋው ራስጌ ላይ ተደግፎ ቀርቷል። እሷ በመካከሉ ተንጠልጥላ «እማማ!» ትለኛለች። ጭረት እንኳ አልነካትም። አልጋው እዚያ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ለማወቅ ግን ነርስ መሆን አያስፈልግም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ጣቢያ እናቶችን ስመክር ኖሬአለሁ። ምድጃውን፣ ነጭ ጋዙን፣ በረኪናውን ከልጅ አርቁ እል ነበር። ስለ ቁም ሳጥን ግን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ያን ጊዜ የተማርኩትን ዛሬ ላካፍላችሁ።

ቁም ሳጥን የሚወድቅበት ምክንያት ቀላል ነው። መሳቢያዎቹ ሲሳቡ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ የልጅ ክብደት ሲጨመርበት ሚዛኑን ይስታል። የድሮ ቤት ወለል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘመም ያለ ነው።

በማግስቱ የሰፈራችንን አናጢ አስጠራሁ። መጀመሪያ ያደረገው ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ማሰር ነበር። «እትዬ፣ ጭቃው ላይ ብቻ ቪቴ ብንመታ ነገ ይወልቃል» አለኝና ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ ከልስኑ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት ፈለገ። ከዚያ በሁለት የማዕዘን ብረትና በረጃጅም ቪቴ አናቱን ከቋሚዎቹ ጋር አሰረው። ከኋላው የጣውላ ቁራጭ አስገብቶ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተወለት፤ የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ስለሚይዝ አየር ካላገኘ ልብሱ ይሻግታል። የብሎኬት ቤት ያላችሁ በድሪል አስበስታችሁ በፊሸር ማሳሰር ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ሕፃኗ የምትወጣበትን ምክንያት አጠፋን። ልጅ የሚንጠላጠለው የሚፈልገው ነገር ላይ ሆኖበት ነው። መሳቢያዎቹን አውጥተን በቦታቸው ክፍት መደርደሪያ አደረግን። ከባዱ ብርድ ልብስ ከታች፣ ከሱ በላይ የእሷ ካልሲና የውስጥ ልብስ በቅርጫት ተቀመጠ። የመስቀያውን ብረት እጇን ስትዘረጋ በምትደርስበት ከፍታ ዝቅ አደረግነው። የበሩን ቁልፍም አስነቀልኩት፤ ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት ገብቶ ቢቆለፍበት አየር ያጥረዋል። አሁን በሩን የሚይዘው ማግኔት ነው፤ ከውስጥ ሲገፉት ይከፈታል። ከጥግ የከመርኩትንም ፌስታል አውጥቼ ጣልኩ።

እንደ ነርስ ያሳፈረኝ ደግሞ ቀጥሎ መጣ። ካፖርቱን ሳወጣ ከኪሱ አራት የናፍታሊን እንክብሎች ዱብ ዱብ አሉ። ሕፃኗ «ከረሜላ!» ብላ ጎንበስ አለች፤ ቀድሜ አነሳኋቸው። ብል እንዳይበላው ብለን ልብስ ውስጥ የምንጥለው ናፍታሊን ሲዋጥ የደም ቀይ ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል። በተፈጥሮ ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆችና አራሶች ይበልጥ ይጎዳሉ። ለእነዚህ ሽታው ብቻ እንኳ አደጋ አለው። ስለዚህ በናፍታሊን ተቀምጦ የቆየ ልብስ ሳይታጠብና በደንብ አየር ሳያገኝ ለሕፃን አይልበስ። ልጅ ከዋጠው ወተት አታጠጡት፤ ስብ ናፍታሊኑ ወደ ደም ቶሎ እንዲገባ ይረዳዋል። ለማስታወክም አትሞክሩ። ምንም ምልክት ባታዩ እንኳ እንክብሉን ወይም ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሽንት እንደ ሻይ መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ መገርጣት ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እኔ አሁን ልብሱን አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ነው የማስቀምጠው።

ከአንሶላ ሥር የደም ግፊት ክኒኔም ተገኘ። እኛ አያቶች መድኃኒት ልብስ መሐል የመደበቅ ልማድ አለን። ለእኛ አንድ ፍሬ የሆነው ለሕፃን ብዙ ነው። አሁን ክኒኔ የሚቀመጠው በሌላ ክፍል፣ በሚቆለፍ ሣጥን ነው።

በመጨረሻ የቀለሙ ነገር መጣ። የበሮቹ አሮጌ ዘይት ቀለም ይላላጥ ነበር። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን ከ90 እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የእኔ ቁም ሳጥን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ስለዚህ በደረቁ አላስፋቅሁትም። ሕፃኗን ከእናቷ ጋር ወደ ዘመድ ቤት ልኬ፣ በሮቹን ግቢ አውጥተን፣ እያረጠብን ፈገፈግነው። ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስበን፣ ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን አዲስ ቀለም ቀባነው። ነፍሰ ጡር ሴትም ከእንዲህ ያለው ሥራ ብትርቅ ይሻላል።

ካፖርቱን አጥቤ ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና ለሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ ሰጠሁት። ጋቢውን ለራሴ አስቀረሁ። ልጄ ባዶውን መስቀያ አይታ ትንሽ ዝም አለችና «አባዬ እንኳን አደረግሽው ይልሽ ነበር» አለችኝ። ቁም ሳጥኑ አልተሸጠም፤ ለሦስተኛው ትውልድ ተረፈ። ሕፃኗ አሁን ጠዋት ልብሷን ራሷ መርጣ ታወጣለች። ሹራቧን ገልብጣ የምትለብስበት ቀን ይበዛል፤ ግድ የለም።

እናንተም የልጅ ልጆቻችሁ ለበዓል እስኪመጡ አትጠብቁ። ዛሬውኑ መሳቢያችሁን ዘግታችሁ፣ ከጎን ቆማችሁ የቁም ሳጥናችሁን አናት በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተነቃነቀ አናጢ ጥሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው።